«ቲቸር፣ ስለ ጨለንቆስ?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የተመረቅሁት በጂኦግራፊ ነው። ዘንድሮ የታሪክ መምህሩ ሲለቅ «አንቺም ያው ሶሻል ነሽ» ተባልኩና የ10ኛ ክፍል ታሪክ ተጨመረብኝ። የ7ኛ ክፍል ሶሻልና የ10ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ቀድሞም የእኔ ነበሩ። ማታ አነባለሁ፣ ጠዋት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን የምቀድማቸው በአንድ ሌሊት ነው።

ችግሩ የመጣው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው። ክፍሌ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ልጅ አለ። አንዱ እስከ 8ኛ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ ተምሮ የመጣ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ የማብራራው በአማርኛ። ያን ቀን ስለ አድዋ እየተናገርኩ ነበር። ክፍሉም ሞቅ ብሎት ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ስለ ጨለንቆስ?» አለኝ። የምኒልክና የሐረሩ አሚር ጦር የተዋጉበትን ማለቱ ነው። ምን ለማለት ፈልገህ ነው ስለው «አያቴ የሚነግረኝ ሌላ ነው» አለ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ዞሮ «እሱን አሁን ምን አመጣው? አገር ነው የተሠራው» አለው። ያኛው «የእናንተ አገር ነዋ!» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። «እናንተ ናችሁ»፣ «እናንተስ» ሆነ። ደብተር ተወረወረ። ደወል ነው ያወጣኝ። በማግስቱ ስገባ ሰሌዳው ላይ ስድብ ተጽፎ ጠበቀኝ። ሁሉም እያዩኝ አጠፋሁትና «ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ» አልኩ።

በዚያው ሳምንት ሁለት አባቶች መጡ። አንደኛው «የአባቶቻችንን ታሪክ በልጅ አፍ አሰደብሽ» አሉኝ። ሌላኛው ደግሞ «ልጄ ጥያቄ በጠየቀ ነው የተሸማቀቀው?» አሉኝ። ዳይሬክተሩ ሁለቱንም በትሕትና ሸኙና ወደ እኔ ዞረው «ኖት ስጪ፣ ፈትኚ፣ ከዚያ ውጪ ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኖት ሳጽፍ ከረምኩ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ያ ልጅ እጁን አውጥቶ አያውቅም።

7ኛዎቹም ጋ ደህና አይደለሁም። በቀደም አንዷን ልጅ «ካርታው ላይ ድሬዳዋን አሳዪኝ» ብላት ጣቷን ቀይ ባሕር መሐል አሳረፈች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ማታ ግን አለቀስኩ። ጂኦግራፊ ነኝ እኮ!

ደረቅ ወደቡ አካባቢ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ሥራ ያገኘልኝ ዘመድ አለ። ደመወዙ ይሻላል። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ልሂድ? ወይስ እንዲህ ኖት እያጻፍኩ ልቀመጥ?

ሰሌዳ ያጠፋችው፣ ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የታየኝ ጠቡ ነበር። ስመለስበት ግን ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ፤ ያ ዝምተኛ ልጅ እጁን ያወጣበት ቦታ ላይ።

እኔም ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ከብዙ ዓመት በፊት ስለ 1966ቱ አብዮት ሳስተምር አንዲት ልጅ ተነስታ «አያቴ ጭሰኛ ነበርኩ ይላል። ሲሶ ነው የሚከፍለው ወይስ እርቦ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቀውም ማለት ደግሞ ከበደኝ። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ዓመቱን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። አንድ ጥያቄ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም። እስከ ዛሬ የተቀመጠችበት ወንበር ይታየኛል፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ። አያቷን ጠርቼ ቢነግሩን ኖሮ ከእኔ የአንድ ወር ትምህርት ይበልጥ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ያን ቀን የከበደሽ የቱ ነው? የልጆቹ ጠብ ነው? ወይስ «ስለ ጨለንቆስ?» ሲልሽ የምትይው ማጣትሽ? «በአንድ ሌሊት ነው የምቀድማቸው» ያልሽውን ሳነብ ሁለተኛው መሰለኝ። ከሆነ አይፈረድብሽም። በጂኦግራፊ ተመርቀሽ፣ ያለ ምንም ሥልጠና፣ ከአገሪቱ ትምህርት ሁሉ በጣም የሚያቆስለው ምዕራፍ ተሰጠሽ። «ያው ሶሻል ነሽ» ያሉሽ ሰዎች የጥርስ ሐኪም ጠርተው ዓይን አክም ያሉ ያህል ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ልጁ ከመጽሐፉ ውጪ አልወጣም። ምዕራፉ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጨለንቆም የዚያው ዘመን ነገር ነው፤ ቦታውም በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው። ከመጽሐፉ እንዳትወጪ ብለው ቢከለክሉሽም ጥያቄው የተነሳው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሆኖ ነው።

ዳይሬክተርሽን አንውቀሳቸው። የግል ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ወላጅ በአንድ ሳምንት ተቆጥተው ሲመጡበት የሚያስበው ስለ ታሪክ አይደለም። ሰኞ ሦስተኛ ወላጅ ይመጣ ይሆን እያለ ነው የሚያድረው። ካንቺ የሚፈልጉት ዋስትና ነው፣ ስለዚህ ዋስትና ስጫቸው። የሚቀጥለውን የአንድ ፔሬድ እቅድ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ሳትጠሪ ቀድመሽ ግቢ። እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «ኖቱን ጨርሻለሁ። አንድ ፔሬድ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ማን ልክ ነው የሚል ነገር የለበትም፣ ማስረጃ ማንበብ ነው። ከፈለጉ ከኋላ ተቀምጠው ይዩ።» ወረቀቱ ላይ ይፈርሙበት። ፊርማው ላንቺም ይጠቅምሻል። እምቢ ካሉም ለምን እንደሆነ ቢያንስ በደንብ ትሰሚያለሽ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

ጠቡን ደግሜ ሳነበው ጨለንቆም አድዋም አልነበሩም ያቀጣጠሉት። እሳቱን የለኮሱት «እናንተ» እና «የእናንተ» ናቸው። አማርኛችን ደግሞ በዚህ በኩል ጨካኝ ነው። «ወረራችሁን» ብለሽ አንድ ቃል ስትተነፍሺ እናንተም እኛም እዚያው ውስጥ ገብተን ተፋጠን ቁጭ አልን። የ16 ዓመት ልጅ በ1879 የተደረገ ጦርነት ውስጥ ሳያውቀው ተሰልፎ ያድራል። ስለዚህ ለዚያ ፔሬድ አንድ ሕግ አውጪ። ስለ ጥንት ስናወራ «እኛ» እና «እናንተ» አይፈቀዱም፣ በግስ ውስጥ ተደብቀው ቢመጡም። «የንጉሥ ምኒልክ ጦር» እንላለን። «የአሚር አብዱላሂ ጦር» እንላለን። «የሐረር ከተማ ሰው»፣ «የአካባቢው ገበሬ» እንላለን። የተሳሳተ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይናገር። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ሳቁ ጥሩ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዝግ ብለው ማሰብ ሲጀምሩ ታያለሽ፣ ምክንያቱም ስሙን ለመጥራት ማን እንደነበረ ማወቅ የግድ ይሆንባቸዋል። አንዱ ተነስቶ «ቲቸር፣ ያኔ የአካባቢው ገበሬ ከማን ጋር ነበር?» ብሎ ከጠየቀሽ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። መልሱን ባታውቂውም።

ከዚያ ክር ዘርጊ። እውነተኛ ክር ነው የምልሽ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። በወረቀት እየጻፋችሁ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉበት። 1879፣ ጨለንቆ። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር ጦር አሸነፈ፣ ሐረር ተያዘች፣ መኮንን ገዢ ሆኑ። 1881፣ የውጫሌ ውል። ኅዳር 1888፣ አምባላጌ። የካቲት 23 ቀን 1888፣ አድዋ። ልጆቹ ራሳቸው ክሩ ላይ ይቁጠሩት፤ ከጨለንቆ እስከ አድዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። ራስ መኮንን ወደ ሰሜን የዘመቱት የሐረርጌን ጦር ይዘው ነው። ከድል በኋላ ደግሞ ቁልቢ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ዝም በይና ካርታ አውጪ። ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ዋናውን መንገድ ወደ ምዕራብ ስትይዙ ቁልቢ ይመጣል። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ጨለንቆ። በየታኅሣሥ 19 ያ ሁሉ ሰው በእግሩ የሚወጣበት መንገድ ነው። አንዱ ልጅ ቁልቢን ምልክት ያድርግ፣ አንዱ ጨለንቆን። ሁለቱም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው። አንቺ ምንም አትጨምሪበት። የትኛው ይበልጣል ብለሽም አትጠይቂ። ክፍሉ ያን ያህል ጸጥታ ይችላል።

ልጆቹ ገና ትኩስ ናቸው ብለሽ ከፈራሽ፣ መፍራትሽም ልክ ነው፣ ከጨለንቆ በፊት በደቻቱ ወንዝ ጀምሪ። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲጠራርግ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ተማሪዎችሽ ያኔ አልተወለዱም። እናቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ግን ያስታውሱታል። «ውሃው ስንት ሰዓት መጣ? እስከ የት ደረሰ? መጀመሪያ ማን ነገራችሁ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይዘው ቤት ይሂዱ። ከከዚራ ሰፈር የመጣው መልስና ከመጋላ ሰፈር የመጣው መልስ አንድ አይሆንም። ሰዓቱ ይለያያል፣ ቁመቱ ይለያያል። «ማን ዋሸ?» በያቸው። ማንም አልዋሸም። አንዱ ጣሪያ ላይ ነበር፣ አንዱ ጠዋት ተነስቶ ነው ያየው። እንግዲህ በእናቶቻቸው ዕድሜ የሆነ ነገር እንዲህ ከተለያየ የአያት ቅድመ አያት ዘመን ነገርማ! ግን አደራ፣ መጀመሪያ በጎርፉ ሰው ያጣ ቤተሰብ ያለው ልጅ እንዳለ ቀስ ብለሽ አጣሪ። ካለ ሌላ ርዕስ ምረጪ። የባቡሩ ዘመንም ይሆናል።

በነገራችን ላይ ስለ ቋንቋው ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያሽ በአማርኛ። ያ ዝምተኛ ልጅ እስከ 8ኛ በምን ቋንቋ ነው የተማረው? አማርኛሽን ሁሉንም ይከተለዋል? ሞቅ ሲልሽ ፈጥነሽ የምትናገሪ ትመስይኛለሽ። ስለ አድዋ ስትናገሪ ክፍሉ ሞቅ ሲለው እሱ ምን ያደርግ እንደነበር ትዝ ይልሻል? መውቀሴ አይደለም። እኔም ለስንት ዓመት ያላየሁት ነገር ነው።

ሦስት ቋንቋ ያለበት ክፍል ደግሞ ለአንድ ትምህርት የሚሆን ሀብት ነው፤ ለውጫሌ አንቀጽ 17። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ያ ሁሉ ጦርነት የተነሳበት ትልቁ ሰበብ ይህ ነው። ሰሌዳው ላይ «ይቻላቸዋል» ብቻ ብለሽ ጻፊ። «በኦሮምኛ 'ይችላል' እና 'ይገባዋል' እንዴት ይባላሉ? በሶማልኛስ?» በያቸው። ያ ዝምተኛ ልጅ አስተማሪ የሚሆንበት አምስት ደቂቃ ነው። ውል ተርጓሚ አድርጊያቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ዓረፍተ ነገር ተርጉመው ይለዋወጡና ስህተት ይፈላለጉ። ሲጣሉም በቃል ትርጉም ይጣላሉ። እንዲህ ዓይነቱን ጠብ እኔ እፈልገዋለሁ።

ጂኦግራፊ መሆንሽ ደግሞ የጎደለሽ ነገር ሆኖ አይታየኝም። እንዲያውም በዚያ በኩል ግቢ። መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ የተሸነፈው በውሃ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች ምንጩን ያዙና ውስጥ ያለው ጦር ተጠማ። ይሄ ታሪክ ነው ጂኦግራፊ? አድዋም ላይ ጄኔራል አልቤርቶኒ የተሰጠው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ያለቦታው አስቀምጦት ነበር። እሱም እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ከሌሎቹ ተለይቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ገባ። ብቻውን ሆኖ ተመታ። ታዲያ ድሬዳዋን ቀይ ባሕር ውስጥ ያስገባችው የ7ኛ ክፍል ልጅሽ ከጄኔራል በምን አነሰች? ንገሪያት ይሄን። በክፍሉ ፊት ነው የምትነግሪያት፣ የተሳቀባትም በክፍሉ ፊት ነውና።

እሷን ካነሳን ካርታው የት ነው የተሰቀለው? ከሰሌዳው በላይ እንዳትዪኝ ብቻ። ብዙ ትምህርት ቤት አይቻለሁ። ካርታው ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል፣ ልጅ እጁ አይደርስም። ግድግዳ ላይ ያለ ካርታ ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ያስተምራል። ልጆች ሰሜን ማለት ወደ ላይ፣ ወደ ኮርኒሱ ይመስላቸዋል። «ሰሜንን አሳዩኝ» በያቸው እስቲ፣ ስንቱ ጣቱን ወደ ጣሪያ እንደሚቀስር ታያለሽ። አውርጂውና መሬት ላይ ዘርጊው፣ ወይ ግቢው ውስጥ። ፀሐይ በየት እንደወጣች ይጠቁሙሽ። የካርታውን ምሥራቅ ወደዚያ አዙሩት። አሁን ጫማቸውን አውልቀው ካርታው ዙሪያ ይቁሙ። ጅቡቲ በዚህ፣ ሐረር በዚያ፣ አዲስ አበባ ወደ ጀርባችን። ያቺን ልጅ ሳትቸኩዪ «የጅቡቲ ባቡር በየት በኩል ነው የሚሄደው?» በያት። ጣቷ ይደርሳል።

ለ7ኛዎቹ በቅርቡ ነገር ቆዪ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ይሳሉ፣ ደቻቱን የሚሻገር ይሻገር። የ7ኛ ክፍል ልጅ ነገር የት እንዳለና የቱ እንደቀደመ ካወቀልኝ ይበቃኛል። ለምን እና በምን አወቅን የሚለው ለ10ኛዎቹ ይቆይ።

ለሁለቱም ክፍል የሚሆን አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ድሬዳዋ ለምን እዚህ ሆነች? ባቡሩ የታሰበው ለሐረር ነበር። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ ድሬ ወደ 1,200። ያን አቀበት ማስወጣት ውድ ሆነና ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። ባቡሩ በ1895 ደረሰ፣ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ፈጅቶበታል። ይህን ሁሉ በኖት አታጽፊያቸው። «ወደ ሐረር በሚኒባስ ስትሄዱ ጆሯችሁ የሚደፈነው የት ጋ ነው?» ብለሽ ጀምሪ። ሁሉም እጅ ያወጣል። ደንገጎ ላይ! መሐንዲሶቹም ጆሯቸው የተደፈነው እዚያው ነው፣ በያቸው። ከዚያ ለገሃር አካባቢ የኖሩ አያቶች ካሉ አንዱን ጋብዢ። የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ድሬ ውስጥ አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቲኬት እንዴት ይቆረጥ እንደነበር ሲያወሩ ክፍሉ እንዴት እንደሚሰማ ታያለሽ። ማን የማን ብሔር ነው የሚል ጥያቄ ያን ቀን አይመጣም። ቢመጣም በባቡሩ ይመጣል፣ ማን ሐዲድ ዘረጋ፣ ማን ነዳ፣ ማን ነገደ በሚል።

ከመጽሐፉ ጋርም አትጣዪ፤ እንደ ሕያው ሰው ግን ያዢው፣ ሲሳሳት ይሳሳታል። እኔ ራስ ዳሸንን 4,620 ሜትር ብዬ ነው ለስንት ዓመት ያሸመደድኩት። አሁን 4,550 አካባቢ ነው የሚባለው። ተራራው አላጠረም፣ መለኪያው ነው የተሻሻለው።

ስለ ሁለቱ አባቶች ደግሞ አብረሽ አትጥሪያቸው። ሁለቱን አንድ ክፍል ማስቀመጥ ጦርነቱን ከልጆች ወደ አባቶች ማዛወር ነው። በየተራ ደውዪላቸው። ጥፋት ከማንሳትሽ በፊት ልጃቸውን አንሺ። ለመጀመሪያው «ልጅዎ የአገሩ ነገር ይቆረቁረዋል፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ልጅ አይደለም» በያቸው። ለሁለተኛው «ልጅዎ ከክፍሉ ሁሉ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ነው፣ በደንብ አልመለስኩለትም» በያቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ከዚያ ቀጥለሽ ምን ልታስተምሪ እንዳሰብሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። የመጀመሪያው አባት ይበሳጩ ይሆናል። ይበሳጩ። ከደጅ ሆነው ከሚሰሙት ካንቺ መስማታቸው ይሻላል።

ሰሌዳው ላይ ስድቡን የጻፈው ማን እንደሆነ ፍለጋ አትግቢ። ካገኘሽው ምን ልታደርጊው ነው? ግን አንድ ጊዜ፣ በእርጋታ፣ «ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ያየሁት አሳዝኖኛል፣ ዝም ብዬ ማጥፋቴም አሳዝኖኛል» በያቸው። ከዚያ ወደ ትምህርቱ እለፊ።

አሁን ወደ ሥራው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብትሄጂ አልወቅስሽም። በአስተማሪ ደመወዝ ቤት ኪራይ ከፍሎ ወር መድረስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ደረቅ ወደብም ቢሆን ጂኦግራፊ ነው፤ ኮንቴነሩ ከየት መጣ፣ በየት ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምትሸሺው ከትምህርቱ ነው ወይስ ከነዚህ ሦስት ሳምንታት? «ታሪክ ባይጨመርብኝ ኖሮ፣ ጂኦግራፊዬን ብቻ ይዤ ብቀር ኖሮ ዘመዴን እሺ እለው ነበር?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ «አዎ፣ ደክሞኛል፣ ገንዘቡም ያስፈልገኛል» ከሆነ ሂጂ፣ ይቅናሽ። «አይ» ከሆነ ግን ችግሩ የክፍል ድልድል ነው። ለእሱ መፍትሔው ሥራ መልቀቅ ላይሆን ይችላል። ለከርሞ ታሪኩን ለሌላ እንዲሰጡት፣ ወይም ከሰጡሽ ሰዓት እንዲቀንሱልሽ ዳይሬክተሩን በጽሑፍ መጠየቅ ትችያለሽ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ጊዜ አለሽ። ሦስት ሳምንት ኖት አጻፍሽ፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ በዚህ መንገድ ሞክሪው። ዘመድሽ እስከዚያ ይጠብቃል። መልስ የምትሰጪው እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ነው ብለሽ የለ?

ይህን ሁሉ ካነበብሽ በኋላ ከየት ልጀምር ካልሽ ግን በክሩም በካርታውም አትጀምሪ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ከተበተነ በኋላ ያን ልጅ ፈልጊው። ጓደኞቹ አጠገቡ ሳይኖሩ። «ባለፈው ስለ ጨለንቆ ጠይቀኸኝ አልመለስኩልህም። በደንብ አላውቀውም ነበር። አያትህ ምን ነበር የሚሉህ?» በይው። ከዚያ አትቸኩዪ። ደወል ቢደወልም ቁሚና ስሚው።